መሐላው ይቅር፣ ጎማው ይነሳ

አልዩ አምባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱልሀሚድ ልጅ ለታጁ፣ ሻርጃ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ያለህበትን ሙቀት ያብርድልህ፣ ጉልበትህን ይጠብቅልህ፣ ከክፉ ሰው ይሰውርህ። እኛ በሕይወት አለን፣ አልሐምዱሊላህ። ደህና ነን ግን አልልህም።

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅ፤ በሃምሳ ሰባት ዓመቷ ሀ ሁ የጀመረች ሴት እጅ ነው። የያዕቁብ ሚስት ፈሂማ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። መደወል አቅቶኝ አይደለም። በስልክ ሁሉም ደህና ነኝ ይልና ይዘጋል። እኔ የምፈልገው ደጋግሜ የማነበው መልስ ነው።

ነገሩ የመኪናው ነው። ልጄ ያዕቁብ ሚኒባሱን ከዚህ በጎረቤላ አድርጎ ደብረ ብርሃን እንደሚያመላልስ ታውቃለህ። ባለፈው የገበያ ቀን ከጎረቤላ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ ገብስ የጫነች በቅሎ ገጨ። ሰው አልተነካም። በቅሎዋ ግን ሞተች። ባለቤቷ ባየው የሚባል የደጋ ገበሬ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመት አብራው የኖረች በቅሎ ናት።

ያዕቁብ እንዲህ ይላል፦ «እማ፣ ቀስ ብዬ ነበር። ልቆም ስል ፔዳሉ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ፍሬኑ ለቀቀኝና መኪናው ሄደ።»

ባየው ደግሞ፦ «መንገዱ ደረቅ ነበር። በደረቅ መንገድ የማይቆም መኪና የለም። ልጅሽ ጫት ቅሞ አንቀላፍቶ ነው» ይላል።

ሽማግሌዎች በአቶ ተክለጊዮርጊስ ሰብሳቢነት ተቀመጡ። ፍርዳቸው አጭር ነው። ያዕቁብ ቁርአን ይዞ አላንቀላፋሁም ብሎ ከማለ ባየው ያምናል፣ ነገሩ ያልቃል። ካልማለ ሁለተኛ መሪ አይጨብጥም።

ተነስቼ፣ አይምልም አልኩ። አቶ ተክለጊዮርጊስ፣ «ዙቤዳ፣ ልጅሽ ላይ አንቺው ፈረድሽበት እኮ» አሉኝ።

«እሱ ቢምል እናንተ ታምኑታላችሁ» አልኳቸው። «መኪናው ግን መሐላ አይሰማም። ነገ ሰው ጭኖ እዚያው ጠመዝማዛ ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ መኪናው ይመርመር።»

እስከ ጥምቀት ጊዜ ሰጡኝ። እስከዚያ መኪናው ሰው አይጭንም። መንደሩ ግን ፍርዱን ጨርሷል፤ ያዕቁብ ሲያልፍ ሕፃናት ሳይቀሩ ጉንጫቸውን ነፍተው ጫት የያዘ ሰው ያስመስላሉ።

የደብረ ብርሃኑ መካኒክ ዘርአ ዳዊት ኮምፒውተር ሰክቶ አየውና «የፊት ቀኝ ጎማ፣ የኤቢኤስ ሴንሰር» የሚል ወጣ። ኤቢኤስ የሚባለው ጎማ እንዳይቆለፍ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ነገር ነው አሉኝ። የማስጠንቀቂያው መብራት ቀድሞ ይበራ ነበር፤ ከነሐሴ ወዲህ ጠፍቷል ይላል ያዕቁብ።

አንተ ሰባት ዓመት ሙሉ የጋራዥ ዋና መካኒክ ነኝ ስትለን ኖረሃል። እንግዲህ ለዘመድህ ተናገር። ምኑ ነው?

አክስትህ ዙቤዳ


ሻርጃ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ዙቤዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ፈሂማ፣ ወንድሜ ያዕቁብ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ በእርስዎ ዱዓ በጣም ደህና ነኝ። ሥራው ብዙ ነው።

የያዕቁብን ነገር ሰምቼ አዘንኩ። ነገር ግን አይጨነቁ፤ እዚህ በየቀኑ የምናየው ቀላል ብልሽት ነው። ኮምፒውተሩ ሴንሰር ካለ ሴንሰር ነው። አዲስ ኦርጅናል ገዝቼ እዚህ ለምትሠራው ለሀፊዛ ሰጥቻታለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለእረፍት ወደ አገር ትገባለች። ዘርአ ዳዊት በግማሽ ሰዓት ይቀይረዋል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹን ጠርተው ያሳዩአቸው።

ሥራ ስለሚበዛብኝ ቶሎ ባልጽፍ አይቀየሙኝ።

ታዛዥዎ ታጁ


አልዩ አምባ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታጁ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ሥራህን ያቅልልህ፤ መቼም በዝቶብሃል።

ሴንሰሩ ደረሰ፣ ሀፊዛ ትመስገን። ዘርአ ዳዊት ገጠመው፣ ኮምፒውተሩም ደህና ነው አለ። ሁለት ቀን ባዶ መኪና ነዳነው፣ ሰላም ነበር። በሦስተኛው ቀን ከያዕቁብ ጎን እኔው ተቀመጥኩ። ጎረቤላ ልንገባ ስንል፣ ቀስ ብሎ ሊቆም ሲል፣ ፔዳሉ ተንቀጠቀጠ። ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማኝ፤ ከሥር ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። መኪናው ሊቆም ካሰበበት ሁለት እርምጃ አልፎ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬን ጥዬ ነው የሄድኩት። ከእግሬ ሥር እንደ ሩቅ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ አለ። ሲፈጥን ይጨምራል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የጎማ ድምፅ ነው እማ። ጎማው አርጅቷል።»

መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ድምፁ ጮኸ። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ዝም አለ። እንደገና ወደ ግራ፣ ጮኸ።

«ጎማ ወደ ግራ ስትታጠፍ ብቻ ነው እንዴ የሚያረጀው?» አልኩት።

ከዚያ ዳሽቦርዱን አየሁ። ከመስታወቱ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ጥቁር ነገር ተለጥፏል። በጥፍሬ ፋቅሁት። ናስትሮ ነው፤ ያ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉበት። ከሥሩ ብጫው መብራት ቦግ ብሎ በርቷል።

ያዕቁብ መኪናውን ዳር አስይዞ አቀረቀረ። «ተሳፋሪ እያየው ይፈራብኛል ብዬ ነው። ዘርአ ዳዊትም ምንም አይደል፣ ሸፍነው አለኝ። ካደጋው በኋላ ደግሞ መናገር ፈራሁ።»

በቁርአን ላይ እጁን ቢጭን ኖሮ አላንቀላፋሁም ማለቱ እውነት ይሆን ነበር። ናስትሮውን ግን ማንም አይጠይቀውም ነበር። ገባህ? መሐላ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ዋና መካኒክ ነህ። ስለ ድምፁ ለምን አልጠየቅኸኝም? ሐኪም እንኳ ሳል አለሽ ወይ ይላል።

ዙቤዳ


አልዩ አምባ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታጁ

ሰላምታዬ ይድረስህ። ሃያ ሦስት ቀን ሆነ። ፈሂማ ደብዳቤውን ባደረሰችህ ቀን እንዳየኸው ስልኳ ይናገራል።

የማትመልስበትን ምክንያት አልጠይቅህም። እኔ ግን ለምን ፊደል እንደቆጠርኩ ልንገርህ፤ አባትህ አልነገረህም።

የያዕቁብ አባት ጅዳ ሳለ በየሦስት ወሩ ይጽፍልኝ ነበር። እኔ ማንበብ ስለማልችል አባትህ ያነብልኛል። ቤታችን አንዱን ብቻ ማስተማር ይችል ነበርና የተማረው እሱ ነው፤ እኔ ሽንኩርት ተሸክሜ ገበያ ወጣሁ። አባትህ ቆሞ ያነባል፦ ደህና ነኝ፣ ሥራ አለ፣ ልጁን ሳሚልኝ። እኔም ደስ ይለኛል። አንድ ቀን አስከሬኑ እዚያው ተቀበረ የሚል ወሬ መጣ።

ፊደሉን እንደጨረስኩ ከሣጥን አወጣኋቸው። ጣቴን ከቃል ቃል እየጎተትኩ አነበብኩ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ደብዳቤዎች ውስጥ ሰምቼ የማላውቃቸው መስመሮች አሉ። «ሳሉ አልለቀቀኝም። ደም አየሁ። ዙቤዳ ቶሎ ና ካለችኝ እመጣለሁ» ይላል። አባትህ ዘሎታል። እንዳልጨነቅ ብሎ ነው አሉኝ። እኔ ና ሳልለው ሞተ።

አባትህ መስመር ዘለለ። ልጄ መብራት ሸፈነ። አንተስ ምን ይዘሃል?

ስለ መኪናው ዘርአ ዳዊት፣ «ፊውዙን ነቅለን ኤቢኤሱን እንግደለው፤ ያለሱም ፍሬን ይይዛል፣ መብራቱንም አንመልከተው» ይላል። አቶ ተክለጊዮርጊስ፣ «ይማልና እንገላገል» ይላሉ። ሁለቱንም እምቢ ብያለሁ። ጥምቀት ሊደርስ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ቀረው። ብቻዬን ብሆንም እገፋበታለሁ። ካወቅህ ንገረኝ፤ ካላወቅህም አላውቅም በል። አላውቅም ማለት አያስነውርም፤ እኔ ሃምሳ ሰባት ዓመት ብዬዋለሁ።

ዙቤዳ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለዙቤዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ለእኔም አፉ እንዲሉኝ ልብዎን ያራራልኝ።

መካኒክ አይደለሁም። ጋራዡ ውስጥ ነው የምሠራው፣ እሱ ውሸት አይደለም። መኪና አጥባለሁ። ተሠርቶ ሲወጣ ሳሙናና ውኃ ይዤ የምቀርበው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ቶሎ እለወጣለሁ ብዬ መካኒክ ነኝ አልኩ፤ ከዚያ ቃሌን የምመልስበት ቀን ጠፋኝ። ሴንሰሩንም የነገረኝ የመለዋወጫ ሱቅ ሻጭ ነው፣ ኮምፒውተሩ ያለውን ስነግረው ሸጠልኝ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ። ፓኪስታናዊ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ኖረዋል። እውነቱን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ድምፁ ስነግራቸው ሳይጨርሱ፣ «ወደ ግራ ሲታጠፍ ይጮሃል?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ሲታጠፍ ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ይወድቃል። ኩሽኔታው ነው» አሉ። ኩሽኔታ ጎማውን ይዞ የሚያሽከረክረው ባለ ኳስ ቀለበት ነው።

ሲያስረዱኝ እንዲህ አሉ። የኩሽኔታው አንዱ ፊት ማግኔት ያለበት ነው። ሴንሰሩ የጎማውን ፍጥነት የሚያውቀው ያንን ማግኔት በቅርብ እያየ ነው። ኩሽኔታው ሲያልቅ ጎማው ይወላወላል፣ ማግኔቱ ከሴንሰሩ ይርቃል ይቀርባል። ሴንሰሩ አንዳንዴ ያየዋል፣ አንዳንዴ ያጣዋል። ሲያጣው ኤቢኤሱ ጎማው ተቆልፏል ብሎ ፍሬኑን ይለቀዋል። በተለይ መኪናው ሊቆም በቀረበ ጊዜ። እንግዲህ ሴንሰሩ አልዋሸም፤ የነገረንን ያልገባን እኛ ነን። ፊውዝ መንቀል ደግሞ ያለቀውን ኩሽኔታ አያድነውም፤ ብሶበት ጎማው ሊነቀል ይችላል ብለዋል።

ከዚያ እጄን ይዘው ክሪክ በሚሉት የመኪና ማንሻ ላይ የቆመ መኪና ዘንድ ወሰዱኝና በጎማው ላይ አኖሩት። እኔም በገዛ እጄ ያየሁትን ነው የምጽፍልዎ።

በደልዳላ ቦታ መኪናውን በክሪክ አንሱት፣ ከሥሩ ጠንካራ ግንድ ደግፉ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይግፉ፣ ይሳቡ። ከተላወሰ ያዕቁብ ፍሬን ይርገጥና እንደገና ይሞክሩ። ፍሬን ሲረገጥ መላወሱ ከቆመ ኩሽኔታው ነው። ካልቆመ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከዚያ ፍሬኑ ይለቀቅ፤ ከጎማው ጀርባ ያለውን ሞላ፣ የተጠመዘዘውን ወፍራም ብረት፣ በአንድ እጅ ይዘው ጎማውን ያሽከርክሩ። ኩሽኔታው ካለቀ ሞላው እየተንቀጠቀጠ ለመዳፍዎ ይነግረዋል።

ሁለት ኩሽኔታ ልኬአለሁ፣ ለቀኝና ለግራ። ሽማግሌው አጥብቀው ያሉትን ልድገም፦ ማግኔት ያለው ጥቁሩ ፊት ወደ ውስጥ፣ ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት። መርፌ በክር አንጠልጥለው ቢያስጠጉት የሚስበው እሱ ነው። ተገልብጦ ከገባ ሴንሰሩ ምንም አያይም። አንዴ ተጭኖ የገባ ኩሽኔታ ደግሞ ሲወጣ ይበላሻል።

የዘለልኩት የለም።

ታጁ


አልዩ አምባ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታጁ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ያንን ሽማግሌ አላህ በሄዱበት ይከተላቸው።

ስለ ራስህ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተናድጃለሁ፤ አልደብቅህም። መልሱን በኋላ።

ትናንት ሽማግሌዎቹን ጎረቤላ፣ ደልዳላው ሜዳ ላይ ጠራኋቸው። ክሪኩን ያዕቁብ አነሳ፣ ግንዱን እኔ አስገባሁ። አቶ ተክለጊዮርጊስ፣ «ዙቤዳ ደግሞ መካኒክ ሆና መጣች» ሲሉ ሰው ሳቀ።

«ጎማውን ማን ይያዝ?» አሉ።

«ባየው ይያዘው» አልኩ። «በቅሎዋ የሱ ናት።»

ባየው ጋቢውን ትከሻው ላይ መልሶ ተጠጋ። ከላይና ከታች ያዘና ገፋ፣ ሳበ። ጎማው ቋ፣ ቋ አለ። ቀና ብሎ አየኝ። እንደገና ሳበ፣ ቋ አለ።

«ያዕቁብ፣ ፍሬን ርገጥ!» አልኩ። ረገጠ። ባየው በሁለት እጁ ቢታገል ጎማው ፍንክች አልልም አለ። «ልቀቅ!» ለቀቀ። ቋ።

ከዚያ ሞላውን አስይዤ ጎማውን አዞርኩለት። መዳፉን እንደተቃጠለ ሰው ቶሎ አነሳው። «አሸዋ ይፈጫል» አለ።

ኩሽኔታው ያለቀ ጊዜ ፍሬኑ ለምን እንደሚለቅ አንተ እንደጻፍከው አነበብኩላቸው። ደብዳቤውን አጥፌ ናስትሮውን ከመሐረቤ አወጣሁ። ያዕቁብ እንደዚህ እንደማደርግ አያውቅም ነበር። «መብራቱ እየበራ ልጄ ከነሐሴ ጀምሮ በዚህ ሸፍኖታል» አልኩ። «አላንቀላፋም። ግን ተነግሮት አልሰማም። ያለቀው ብረት የማንም ጥፋት አይደለም፤ ይሄ ግን የቤቴ ጥፋት ነው። በቅሎ በበቅሎ እንተካለን።»

ባየው ግን ቀላል ሰው አይደለም። «ጎማው መላወሱን በእጄ አይቻለሁ» አለ። «በቅሎዬን የገደለው እሱ መሆኑን ግን ገና አላመንኩም። ሲሠራ ፔዳሉ ካልተንቀጠቀጠ፣ መብራቱም ካልበራ፣ ያኔ አምናለሁ። ካልሆነ ግን ልጅሽ ከመሪው ይውረድ።»

ተስማማሁ። ኩሽኔታዎቹ ደርሰዋል። ሽማግሌዎቹ ቀኑን ከጥምቀት ወዲያ ገፉልኝ።

ዙቤዳ


ሻርጃ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ

ሰላም ለእርስዎና ለቤቱ ይሁን። ደብዳቤዎን ለሽማግሌው ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ባየው እጁን ከሞላው ያነሳበት ቦታ ላይ ስደርስ ሳቁና፣ «የምሳ ሰዓትህን ስጠኝ፣ ሥራውን ላስተምርህ» አሉኝ። ሦስት ቀን ሆነኝ። እስካሁን የተማርኩት ብሎን ሳያበላሹ መፍታት ነው። መልስዎን እጠብቃለሁ፤ ስለ እኔ የሚሉትን ማለቴ ነው።

ታጁ


አልዩ አምባ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታጁ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ እጅህን ሥራ ያስለምድልህ።

ወደ ደብረ ብርሃን ስንወጣ ባየው «እኔ ሳላይ አይገጠምም» ብሎ አብሮን ተሳፈረ። መኪናው በሌላ መኪና ተጎትቶ ነው የወጣው፤ በዚያ ጎማ አይነዳም ብዬ። ዘርአ ዳዊት ደብዳቤህን ላነብለት ስል፣ «እማማ፣ ሃያ ዓመት ኩሽኔታ ስገጥም ኖሬያለሁ» አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ የኔ ስሕተት ነው።

ገጠመው። መኪናው ተነሳ፣ መብራቱ ግን በርቶ ቀረ። ሰፈሩን ዞረን ተመለስን፤ ያ የወፍጮ ድምፅ የለም፣ መብራቱ ግን እንደበራ ነው። ባየው ሳቀ። «ዙቤዳ፣ ናስትሮ አምጪ» አለኝ። ያዕቁብ ከመኪናው ወርዶ ግድግዳ ተደገፈ።

«የቱን ፊት ወደ ውስጥ አዞርከው?» አልኩት ዘርአ ዳዊትን።

«እንደ ልማዳችን ነዋ! ቁጥር የተጻፈበት ወደ ውጭ፣ ነገ የሚፈታው ሰው ቁጥሩን አንብቦ እንዲገዛ። አስተማሪዬም እንዲሁ ነበር የሚገጥመው።»

ሁለተኛውን ኩሽኔታ ከካርቶኑ አወጣሁ። ልማዱስ ጥሩ ነው፣ ለሚመጣው ሰው ማሰብ ነው፤ ግን በዚህኛው ላይ ቁጥሩ የተጻፈው ራሱ ጥቁሩ ፊት ላይ ነበር። ከነጠላዬ ጫፍ መርፌ አውጥቼ በክር አንጠልጥዬ አስጠጋሁ። በንጹሑ ፊት ዝም። በጥቁሩ ፊት መርፌዋ ሸርተት ብላ ሄዳ ተለጠፈች። ደብዳቤህን ዘረጋሁና እጄ ላይ ያለውን ብረት ይዤ፣ ጣቴን ከቃል ቃል እየጎተትኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዘርአ ዳዊት አላቋረጠኝም። ሲያልቅ፣ «እኔ ስማር ማግኔት ያለው አልነበረም» አለ። መፍቻውን አነሳ።

ያወጣው ተበላሸ። የቀረን አንድ ነበር፣ ለግራ የታሰበው። እላዩ ላይ ቆሜ አስገጠምኩ። መብራቱ ቦግ አለ፣ ቆጠርኩ፣ በአራት ጠፋ። እስክንነሳም አልተመለሰም። የግራው ጎማ ተነስቶ ተሞክሯል፣ ጠንካራ ነው።

ከጎረቤላ ቁልቁል ስንወርድ ባየው ከፊት ተቀምጦ ዓይኑን ከዳሽቦርዱ አልነቀለም። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ሳንደርስ ድንገት፣ «ቁም!» ብሎ ጮኸ። ያዕቁብ ቆመ። ዝም ያለ አቋቋም ነው። ትንሽ ወረድን፣ «ቁም!» ቆመ። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ በቅሎዋ የሞተችበት ድንጋይ አጠገብ፣ «እዚህ ቁም» አለ ቀስ ብሎ። ያዕቁብ ድንጋዩ ጋ ልክ ቆመ፤ አንድ እርምጃ አላለፈም።

«ፔዳሉ?» አለ ባየው።

«ምንም» አለ ያዕቁብ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ እንጂ ፔዳሉስ ዝም ብሏል።

ባየው ወርዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ፣ «ጫት ያልኩህን አንስቻለሁ። ለሽማግሌዎቹም ራሴ እነግራለሁ» አለው። ያዕቁብ፣ «እኔም ናስትሮውን ስለጠፍኩ ይቅር በለኝ» አለ። «እሱን ገና አልጨረስኩም» አለ ባየው፤ «በቅሎዋን ስታመጣ እንነጋገራለን። አሁን ንዳ፣ ይበርዳል።»

አቶ ተክለጊዮርጊስ መሐላውን አነሱ። በማግስቱ መኪናው ሰው ጫነ። በየወሩ መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ይነሳሉ፤ ይህን ያዕቁብ ሳይሆን እኔ ነኝ የወሰንኩት። ከናስትሮው የቀረችውን ሙጫ ከመስታወቱ በአመድ አሽቼ አስለቅቄአለሁ። ቦታው ንጹሕ ነው፤ የሚበራ ነገር ካለ እናየዋለን።

አሁን የአንተን ነገር። ሰባት ዓመት ዋሽተኸኛል፤ ይህን ቶሎ አልረሳልህም፣ ጠባዬን ታውቀዋለህ። ግን በታኅሣሡ ደብዳቤህ ውስጥ «መካኒክ አይደለሁም» የሚለውን ከሁሉ በፊት የጻፍከው አንተ ነህ፤ አባትህ ቢሆን ዘሎት ወደ ኩሽኔታው ይሄድ ነበር። እናትህ ልጄ መካኒክ ነው ብላ ለሰው ስታወራ ዝም ብያታለሁ። ለእሷም አንተው ጽፈህ ንገራት፤ ማንበብ ስለማትችል እኔ ዘንድ ይዛ ትመጣለች። እኔም ያለውን ሁሉ አነብላታለሁ።

በሚቀጥለው ስትጽፍ ከበላኸውና ከጠጣኸው ጀምር። በቀን ስንት መኪና እንደምታጥብ፣ ውኃው እጅህን እንደላጠው እንዳልላጠው፣ ሳል ካለብህም ሳሉን ጻፍ። ና ማለት ካለብኝ በጊዜው ና እልሃለሁ።

አክስትህ ዙቤዳ